በጉርሻ የምትታረቀኝ ጓደኛዬ

ጓደኛዬ ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም። ታጎርሰኝ ነበር እንጂ።

ሁለታችንም የገጠር ልጆች ነን፤ እኔ ከደምበጫ ወዲያ፣ እሷ ከሉማሜ አካባቢ። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ክፍል አብረን ተከራየን። ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ እንደዚያው ነው። ቤተሰብ በገበያ ቀን ስንቅ ይልካል፣ ልጆቹ ቋጠሮውን ፈትተው ይደባልቁታል፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። የእናቴ ሽሮ በእናቷ በርበሬ እየተሠራ፣ የማን ቤት ጣዕም እንደሆነ መለየት አቅቶን ነበር። እናቴ ስትመጣ "እንግዲህ እህትማማች ናችሁ" ትለናለች። ደስ ይለኝ ነበር። እኔ በወንዶች መሀል ነው ያደግሁት፤ እህት የሚባል ነገር አላውቅም።

አሁንም ስለሷ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ክፉው አይደለም። ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ነው። ትምህርቷን ትታ፣ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዘች፣ የሒሳብ መምህራችንን አረማመድ እያስመሰለች ታስቀኝ ነበር። "እንዳትሞቺብኝ፤ ይህን ሁሉ በሶ ብቻዬን አልጨርሰውም" ትለኛለች። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ ስለማንችል አፏን ጆሮዬ ላይ ደቅና ትጮህብኝ ነበር። ያ ጩኸት ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ይናፍቀኛል።

ግን ታኮርፋለች። ኩርፊያ እኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ አባቴም ያኮርፋል፣ በሬውም ያኮርፋል። የሷ ግን ሌላ ነበር። ከሌላ ልጅ ጋር ካጠናሁ ታኮርፋለች። ሳላማክራት ሹሩባ ከተሠራሁ ታኮርፋለች። ለምን እንደሆነ አትናገርም፤ ጥፋቴን እንደ ጠፋ መርፌ እየዳበስኩ መፈለግ ያለብኝ እኔ ነኝ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉልበታችን እየተነካካ፣ በአከራያችን በኩል ነው የምታናግረኝ። በሩን ከፍታ ወደ ግቢው፦

"እትዬ! ለዚያች ልጅ ይንገሩልኝ፤ ሙዚቃውን ትቀንሰው!"

እትዬ ከጓዳቸው ሆነው፣ "ምን አለች?" ይላሉ።

"ሙዚቃውን ቀንሺ ነው የምትለው" እላለሁ እኔው ራሴ።

"እንግዲያ ቀንሺዋ!"

ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን ምግብ አልወርድ ይለኝ ነበር።

ሲበቃት፣ እሷ ሲበቃት እንጂ እኔ ስለለመንኳት አይደለም፣ ትልቅ ጉርሻ ትጠቀልልና "እንኪ፣ በሞቴ" ትላለች። ጉርሻ እምቢ አይባልም። "በሞቴ" የተባለበትማ ጭራሽ። እጎርሳለሁ። በቃ ታረቅን። አፌ ሞልቶ ምን ልናገር? አላምጬ እስክውጥ እሷ ሌላ ወሬ ጀምራ ትስቃለች፤ ጥያቄዬ ከጉርሻው ጋር ይወርዳል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን ከክፍላችን ሴቶች ጋር ለማትሪክ ማጥናት ጀመርኩ። አንድ ቀን ስሄድ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩብኝ። ለካ ጓደኛዬ ቀድማኝ ሄዳ፣ "ደነዞች ናቸው እያለች ታማችኋለች" ብላቸዋለች። ቤት ገብቼ ጮህኩባት። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ኩርፊያው ቀጠለ። ያጠፋችው እሷ፣ የተኮረፍኩት እኔ።

እትዬ መልእክት ማመላለሱ ሰለቻቸውና ሁለታችንንም ጠርተው ትሪ አቀረቡ። ምን እንዳጣላን አልጠየቁም። "ይቅር ለእግዜር ተባባሉ። በሉ ተጎራረሱ!" አሉ። ተጎራረስን። አፌ እንደሞላ እንባዬ መጣ።

"በርበሬው ነው፤ የዘንድሮው ያቃጥላል" አሉ እትዬ።

በርበሬው አልነበረም። እያላመጥኩ አንድ ነገር ገባኝ፦ ይህች ልጅ ትወደኛለች፤ የምትወደኝ ግን ዝም ስል ብቻ ነው።

ፈተናው እንዳለቀ ዕቃዬን ሰብስቤ ሌላ ግቢ ገባሁ። እናቴ ተቆጣች።

"እህትሽ ናት፣ ቻያት እንጂ። ጥርስና ምላስም ይጋጫል።"

"እማዬ፣ ሁልጊዜ የምነከሰው ምላስ እኔ ነኝ" አልኳት።

አሁን አብራኝ የምትኖረው ልጅ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን ፊቷን አጨፍግጋ ገባች። እኔ እንደ ልማዴ ጥፋቴን መፈለግ ጀመርኩ። ወለሉን ጠረግኩ፣ ጫማዋን አጠብኩላት።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለች።

"ያኮረፍሽኝ መስሎኝ…"

"ስቆም ውዬ እግሬን አሞኝ ነው! ከተቆጣሁማ እነግርሻለሁ፤ አፍ አለኝ እኮ።"

እውነትም ትናገራለች። "ነጠላዬን ሳትጠይቂኝ አትውሰጂ" ትላለች፣ ከዚያ ራት እንበላለን። እንዲህም ይኖራል እንዴ? ይኖራል። ሰላም ነው። የመምህሩን አረማመድ የሚያስመስልልኝ ግን የለም። ሽሮውም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል።

በቀደም የድሮዋ ደወለች። "ማርቆስ መጥቻለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ነይ።" አልዋሽም፣ እየሮጥኩ ሄድኩ።

"አንቺ ቀውስ! ወፍረሻል እኮ፤ ዳቦ ቤት አገባሽ እንዴ?" አለችኝ። አንገቷን አቅፌ ሳቅኩ። ሽሮ ቀረበልን። ገና ሳልቀምስ ጠቀለለች።

"እንኪ፣ በሞቴ።"

እጇን ያዝኩት። "እጎርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ልናገር።"

ጉርሻው እንደተዘረጋ ቀረ፤ ሽሮው በእጇ አንጓ ወረደ። አጠገባችን የሚበሉ አባት፣ "ኧረ ተቀበያት ልጄ፣ ነውር ነው!" አሉ። አልተቀበልኩም። ስለ ክፍላችን ልጆች፣ ስለዚያ ሁሉ ኩርፊያ ነገርኳት።

"ናፍቀሽኛል" አልኳት። "እንደ ድሮው ግን አልችልም። ስትቆጪ ንገሪኝ። ከማን ጋር እንደምውልም አንቺ አትመርጪልኝም።"

ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ቀስ ብላ አላመጠች።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነስታ ወጣች። የእናቷ በርበሬ ነው፤ ሳልፈታው ሽታው ነገረኝ። ድሮ ቢሆን እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። አሁን ሚኒባሱ ድረስ ከኋላዋ ሄድኩ እንጂ አልለመንኳትም። ገብታ ተቀመጠች። መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ ብቅ አለች።

"አንቺ! አኩርፌያለሁ!"

"እሺ!"

"ሰው ፊት ስለተናገርሽኝ ነው። ሲወጣልኝ እደውላለሁ!"

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን እንዳኮረፈች ስትናገር ሰማኋት።

እስካሁን አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ ጣቴ ስሟ ላይ ይደርስና እመልሰዋለሁ። ትናንት በዚያ በርበሬ ሽሮ ሠራሁ። ገና አንድ ስጎርስ ዓይኔ እንባ ሞላ።

"በርበሬው ነው?" አለች የዳቦ ቤቷ ልጅ።

ዋጥኩና፣ "አይደለም" አልኳት። "ናፍቃኝ ነው።"