ለአጋርፋው ድሬሰር ያልነገርኳቸው የዘይት ልክ

ሐሙስ ጧት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ስነሳ በእጄ የያዝኩት አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። በውስጧ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ሊማ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ካንዴላና መርካቶ ሦስት ቀን ዞሬ ያገኘኋቸው ሁለት የፒስተን ቀለበቶች አሉ። የምሄደው ባሌ ጠቅላይ ግዛት፣ አጋርፋ ነው። እዚያ አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከቆመች ቆይታለች። እንድትቆም ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ይህን ግን ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጎባ ጋራዥ በነበረኝ ጊዜ፣ ከአንድ መጋዘን ጓሮ ዶሮ የሰፈረባት ጀርመን ሠራሽ ሞተር አገኘሁ። ስምንት ወር ሙሉ ዝገቷን ፋቅሁ፣ ካርቡራቶሯን አጠብኩ፣ የጎደላትን ከሌላ ብረት ቀርጬ ሞላሁ፣ በመጨረሻም አስነሳኋት። የገዟት አቶ በዳሶ የሚባሉ የአጋርፋ ድሬሰር ናቸው። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፤ አገሬው ግን «ዶክተር» ነው የሚላቸው። ገጠር ለገጠር በሽተኛ ለማየት የሚዞሩባትን ዳማ በቅሏቸውን ሸጠው ነው ሞተሯን የገዟት። እሷንም «ዳማ» ብለው ጠሯት።

እንዲህ ያለው በሁለት ምት የሚሠራ ሞተር እንደ መኪና የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆለት ነው የሚጠጣው። ልኩም ለሃያ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ተራ የሞተር ዘይት ነው። ይህን ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን አልነገርኳቸውም። ያስተማሩኝ ሰውዬ «ሙያ በልብ ነው» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ስለዚህ ከበር ጀርባ ደባልቄ፣ በጀሪካን ሞልቼ እየሰጠሁ፣ «ይህች ሞተር ከኔ መድኃኒት በቀር አትጠጣም» እላቸው ነበር። የመድኃኒት ሰው ናቸውና አመኑኝ። ከዋጋው በላይ ሳንቲም አልወሰድኩባቸውም፤ ደስ የሚለኝ ከአጋርፋ ድረስ እኔን ፈልገው መምጣታቸው ነበር።

ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ ተገኘልኝ። «ለፋሲካ እመለሳለሁ» ብዬ አንድ ጀሪካን ትቼላቸው ሄድኩ። አልተመለስኩም። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ደብዳቤያቸው በሰው በሰው ደረሰኝ። «ልጄ ታደሰ፣ በእጅህ የሠራሃትን ሞተር ገደልኳት። ቢቻልህ ና፤ ባይቻልህም ይቅር በለኝ» ይላል። ያንን ወረቀት አምስት ወር ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ «ለቅዳሜ እደርሳለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው።

ሻሸመኔ፣ ሐሙስ ማታ

አውቶቡሱ አራት ብር ነው። ከሞጆ በኋላ አቧራው በመስኮት ገብቶ ሁላችንንም ባለአንድ ቀለም አደረገን። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በስሙኒ በላሁ። ሻሸመኔ አንድ ብር ከፍዬ ያደርኩበት አልጋ ቁንጫው ከኔ በፊት ተኝቶ ነበር የጠበቀኝ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ለአቶ በዳሶ የምናገረውን አሰናዳሁ። አጭር ነው፤ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘይቱን ደብቄዎት ነው»። ጣራውን እያየሁ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላውቅም።

ዓርብ፣ ወደ ጎባ

ከኮፈሌ ጀምሮ ብርድ ነው። ዶዶላና አዳባ ላይ ገብሱ ታጭዶ ክምሩ ማሳው ላይ ቆሟል። የዲንሾን ዳገት ስንጀምር ራዲያተሩ ፈላና ወረድን። በአስታውና በጽዱ ዛፍ መካከል ቆመን ሳለ ሦስት ደጋ አጋዘኖች አዩን፣ ከቁም ነገርም ሳይቆጥሩን መልሰው መጋጥ ያዙ። ሾፌሩ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ናቸው። ክዳኑን ከፍተው፣ የት ውሃ እንደሚገባ፣ ማራገቢያው ለምን እንደሚዞር፣ ከጎጃም ለመጣ አንድ ነጋዴ ሳይቀር ያስረዳሉ።

ጠጋ ብዬ፣ «ለሰው ሁሉ እንዲህ ይነግራሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ምነው?»

«ሙያ አይደለም እንዴ?»

«ወንድሜ፣ እኔ ድንገት እዚህ ዳገት ላይ ብወድቅ ማን ያወርዳችኋል?» አሉና ሳቁ። ሌላውም ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ አጋዘኖቹ አዞርኩ።

ሮቤን በዘጠኝ ሰዓት አልፈን ጎባ ገባን። ጋራዤ የነበረው ቤት አሁን ልብስ ሰፊ ተከራይቶታል። ግድግዳው ላይ የሞከርኩት የቀለም ነጠብጣብ አሁንም አለ። ከጎኑ ሸምሱ ድሮም እንደሚያደርገው ቤንዚንና ዘይት በበርሜል ይቸረችራል።

«ታዴ! በሕይወት አለህ?» ብሎ አቀፈኝ።

አንድ ቆርቆሮ የሞተር ዘይት ስጠኝ አልኩት። እየቀዳ፣ «አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ሲፈልጉህ ከረሙ እኮ» አለኝ። «ከአጋርፋ። ሦስት ጊዜ መጥተዋል። የመጨረሻውን በእግራቸው ነው የመጡት፤ ያነክሳሉ። ‹የታደሰን መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ?› ይላሉ። የምን መድኃኒት እንደሆነ እኔ በምን ልወቅ! እዚችው በርሜል ላይ ተቀምጠው አርፈው ሄዱ።»

የተቀመጡበት በርሜል ዘይቱ ያለበት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉታል እንዲህ ነው። ሸምሱ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ግብግብ ያዝን፤ የሚናገረውን ግን ብዙም አልሰማሁትም። እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ፣ አጋርፋ

ከሮቤ አጋርፋ በእህል መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። የዌብን ወንዝ ተሻግረን ሜዳው ሲገለጥ ነፋሱ ጋቢዬን ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረው። አቶ በዳሶ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። ፀጉራቸው ነጥቷል፣ ከዘራ ይዘዋል።

«አካም ጅርታ፣ ታደሰ! ደህና ገባህ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ጋሼ በዳሶ። እርስዎ እንዴት ነዎት? እግርዎን ምን ሆኑ?»

«እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ግባ።»

ቤታቸው ስገባ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ትልቁ ሐጂ ኡስማን ይባላሉ፤ የአካባቢው አስታራቂ ናቸው። ሌላው የአቶ በዳሶ ጎረቤት ናቸው። ለእንግዳ ክብር የተጠሩ መስሎኝ እጅ ነሥቼ ተቀመጥኩ። አቶ በዳሶ ግን አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ከደጅ የነጩትን እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቴ ቆሙ። ይህ በአገራቸው የዕርቅ ልመና ነው።

ሐጂ ኡስማን ጉዳዩን አስረዱ። «ይህ ሰው የሰጠኸው መድኃኒት ሲያልቅ ከሮቤ ንጹሕ ቤንዚን ገዛ። ቆሻሻ እንዳይገባባት በነጠላ አጥልሎ ሞላላት። የመድኃኒት ሣጥንና አንድ በሽተኛ ጭኖ ሲመለስ ሞተሯ መንገድ ላይ ድርቅ አለች። ወደቁ። በሽተኛው ተረፈ፣ የሱ ጉልበት ተሰበረ። እኛ አይተን፣ ጭነት አብዝተህባት ነው፣ ባለሙያ የሰጠህን አልያዝክም ብለን ፈርደንበታል።»

«ዲፈማ፣ ልጄ» አሉ አቶ በዳሶ። «ይቅር በለኝ። ስምንት ወር የለፋህባትን ነው ያበላሸሁብህ።»

«ጋሼ፣ ኧረ ጥፋቱ…» ብዬ ብድግ ስል ሐጂ ኡስማን እጃቸውን አነሡ።

«ጥፋቱን እኛ አይተናል። አንተ እንግዳ ነህ፤ አትከራከር። ይቅር በልና ሣሩን ተቀበል።»

የዚያን ጊዜ «የለም» ማለት ይቻል ነበር። ሣሩን አልቀበልም ብዬ፣ የተደበቀችውን አንዲት ቃል ማውጣት ይቻል ነበር። እኔ ግን በሽማግሌ ፊት ሌባ ሆኖ መታየት ፈራሁ። ሣሩን ተቀበልኩ። «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት፣ ጉልበታቸውን የሰበርኩት ሰውዬ። ሐጂ ኡስማን «አልሐምዱሊላህ» ብለው መረቁን። አቶ በዳሶ ጉንጬን ስመው አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላ ዳማን ከጎተራ ሥር አወጣናት። በሰሌን ተሸፍና፣ ጎማዋ ሳይቀር በቅቤ ታሽቶ ነው የተቀመጠችው። የሲሊንደሩን ክዳን ስከፍት ፒስተኑ ግድግዳውን ነክሶ ቀርቷል። ላምባ ሞላሁበትና አሳደርኩት።

እሑድ

ጧት ፒስተኑን በእንጨት መታ መታ ሳደርገው ለቀቀ። ጎኑ ተጫጭሯል። በሊማ፣ ኋላም በብርጭቆ ወረቀት፣ እጄ እስኪዝል አለሰለስኩት። አዲሶቹን ቀለበቶች አገባሁ፣ ካርቡራቶሩን በቤንዚን አጠብኩ፣ ካንዴላውን ቀየርኩ። አቶ በዳሶ እግራቸውን ዘርግተው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ጨርቅ ያቀብሉኛል፣ ምንም አይጠይቁኝም። ድሮ እንዳይጠይቁኝ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ።

በመጨረሻ ቆርቆሮውን አወጣሁ። «ጋሼ፣ መድኃኒቱ ይህ ነው። ለሃያ ኩባያ ቤንዚን አንድ ኩባያ። በደንብ ይናጥ።»

አሽተቱት፣ በጣታቸው መካከል አሹት። «ዘይት?»

«ዘይት።»

ባለቤታቸው አዴ ሹሜ ለስንቅ የሚሆነኝን ጩኮ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ፣ እያሹ ነበር። «እውነት ነው፤ ደረቅ ዱቄትም ያለ ቅቤ ጉሮሮ ይይዛል» አሉ። ትንሽ ቆዩና እጃቸውን አቆሙ። «ይሄ ዘይት ግን ያኔ ሮቤ አይሸጥም ነበር?»

ካቻቪቴው በእጄ ነው። ቀና ብዬ ሳላያቸው አቶ በዳሶ ቀደሙኝ።

«ምን ነካሽ! ቢኖርማ ታደሰ ይነግረኝ አልነበር?»

ያልላላ ብሎን ማጥበቅ ያዝኩ። አዴ ሹሜ እሳቸውን ሳይሆን እኔን ለጥቂት ጊዜ አዩኝና ወደ ጩኳቸው ተመለሱ። ያወቁ ይመስለኛል። ሦስተኛው ርግጫ ላይ ዳማ ሳለች፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ተነሣች። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ካርቡራቶሩን የማስተካክል መሰልኩ።

ሰኞ፣ ወደ ሮቤ

አቶ በዳሶ «በመኪና አትሄድም፣ እኔው ነኝ የምሸኝህ» አሉ። የታመመ ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው ሲወጡ አየሁና ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ጩኮው በእንጨት ቆሪ ተሞልቶ ጭኔ ላይ ነው። ማሳው ላይ ያሉት አጫጆች ቀና እያሉ «ዶክተር! ዶክተር!» ይላሉ፤ እሳቸው በአንድ እጃቸው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ እኔ እንዳይጥሉን እጸልያለሁ።

አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ ቆረጥኩ። ፊታቸውን አለማየቴም ረዳኝ። «ጋሼ በዳሶ!» አልኩ። «ዘይቱ ያኔም ነበር! ደብቄዎት ነው! ጥፋቱ የኔ ነው!» ስንት ጊዜ ያጠናሁት ቃል ሳይጎድል ወጣ። ግን ዳማ ዳገት ይዛ ትንጣጣለች፤ ነፋሱም ከፊት ነው።

«ምን አልክ?» ብለው ፊታቸውን ዞር አደረጉ። ጋዙን ቀነስ አደረጉልኝ። ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ጆሯቸውን ሰጡኝ። ፈገግ እንዳሉ ናቸው።

«መንገዱን ይዩ፣ ጋሼ» አልኩ።

ጋዙን መልሰው ሰጧት። ሮቤ ስንደርስ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው። «ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ ልጄ። ለሰው የተረፍክ ሁን» ብለው መረቁኝ። በመስኮት ሳያቸው ሞተሯን ከበው ለቆሙ ሁለት ገበሬዎች ቆርቆሮውን ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ ጣታቸውን አንድ፣ ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ሁለት ጊዜ ይዘረጋሉ። ከተማሩት አንድ ቀን ሳይሞላ ማስተማር ጀምረዋል።

ቤቴ፣ ረቡዕ

ባለቤቴ አልማዝ የጩኮውን ቆሪ ከፍታ፣ «ምን አድርገህላቸው ነው እንዲህ ያከበሩህ?» አለችኝ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ በሩን፣ ጀሪካኑን፣ ሣሩን፣ ዳገቱን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቆሪውን ከደነችው።

«ይህን ለኔ አልነበረም የምትነግረው» አለች።

ልክ ናት። ከጉዞው የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በልብ የያዙት ሙያ ሲቆይ ሙያነቱ ይቀርና ዕዳ ይሆናል፣ ከዕዳም ደግሞ ሰው እያመሰገነ የሚያሸክምህ ዓይነት። አሁን ጋራዥ ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፣ ላልጠየቀኝም ጭምር። ባልደረቦቼ ለፍላፊ ብለውኛል። ያ ግን የአቶ በዳሶን ጉልበት አያቀናም፤ በሽማግሌ ፊት የተፈረደባቸውንም ፍርድ አይሽርም። አጋርፋ ውስጥ ዛሬም ጥፋተኛው እሳቸው፣ ይቅር ባዩ እኔ ነኝ።

ለእናንተ መጻፉ ቀሎኛል፤ አታውቁኝምና። ለሳቸውም ያን ረቡዕ ማታ ወረቀት አውጥቼ «ይድረስ ለተከበሩ አቶ በዳሶ» ብዬ ጀምሬ ነበር። ጤንነታቸውን ጠየቅሁ። ዘይቱ እንዴት እንደሚለካ፣ ካንዴላው በየስንት ጊዜ እንደሚጠረግ፣ ክረምት ሲገባ ሞተሯ እንዴት እንደምትቀመጥ ገጽ ሙሉ ጻፍኩላቸው። ገጹን ገለበጥኩ። ጀርባው እስከ ዛሬ ባዶውን ነው።