ዘቢቡ እስኪነሣ

ልጅ ሳለሁ፣ ሞጣ ውስጥ፣ ተረት የሚያበቃው ዘቢብ ሲነሣ ነበር። ይህን ስናገር ቢቸና ያሉ የሥራ ጓደኞቼ ይስቃሉ። ነገሩ ግን ቀላል ነው።

ጎረቤታችን አባባ ይማም የፍራፍሬ ነጋዴ ነበሩ። ከአባይ በረሃ በአህያ የሚወጣውን ሎሚና ብርቱካን ተቀብለው ገበያ ላይ ይሸጣሉ። ሚስታቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው አግብተው በየከተማው ሄደዋል። የበዓል ዋዜማ ሲሆን፣ የእነሱ ዒድም ይሁን የእኛ እንቁጣጣሽ፣ የሰፈሩን ልጆች ቤታቸው ይሰበስቡን ነበር። ሰበቡ መጠጡ ነው። ጠላና ጠጅ እሳቸው አይቀምሱም፣ ለልጅም አይሰጥም፤ ያለ አንዳች የሚፈላ ነገር ደግሞ በዓል በዓል አይልም ይሉ ነበር። ስለዚህ ከሎሚና ከብርቱካን የማያሰክር፣ ግን አፍንጫ የሚኮረኩር መጠጥ ይሠራሉ። ሰፈሩ የሎሚ ቀሪቦ ይለው ነበር፤ እውነተኛው ቀሪቦ ከገብስ መሆኑን ሁሉም እያወቀ።

ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ይጀምራሉ። የሎሚውን ቢጫ ልጣጭ በስለት ስስ አድርገው ይገፍፉታል፤ ነጩ ከገባበት ይመራል። ውሃውን ከስኳርና ከልጣጩ ጋር ያፈላሉ፣ ከዚያ ጣታቸውን ቢከቱበት የማያቃጥልም የማይበርድም እስኪሆን ይጠብቃሉ። ጭማቂውን ያጠልሉበታል፣ በሁለት ጣት የሚቆነጠር የዳቦ እርሾ ይበትኑበታል፣ አፈ ሰፊ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠው በመጨረሻ እፍኝ ዘቢብ ይጥሉበታል። እኛ የክርስቲያን ልጆች ዘቢብን የምናውቀው ለቤተ ክርስቲያን ሲገዛ ነበርና ያኔ ከጠርሙስ ሥር ተኝቶ ስናየው ይደንቀን ነበር።

ዘቢቡ ሰዓታቸው ነው። መጀመሪያ እንደ ጠጠር ሥር ይተኛል። መጠጡ ውስጥ ውስጡን ሲፈላ ያብጣል፣ ጥቃቅን አረፋ ይለብሳል፣ ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ ይነሣና ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ ደርሷል ማለት ነው። ወዲያው ተጠልሎ በትናንሽ ጠርሙሶች ይታሸጋል፣ ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃ የሞላበት በርሜል ውስጥ ይነከራል። ከቀዘቀዘ ባለበት ይቆማል። ካለፈ ግን ወደሚያሰክረው ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እሳቸውም አይጠጡት፣ ለእኛም አይሰጡን።

የሞጣ ብርድ እርሾ ስለሚያስተኛ ጠርሙሱን ማታ ከከሰሉ ማንደጃ አጠገብ ያስጠጉታል። ኩራዙን ከኋላው ያስቀምጡታል፤ ብርሃኑ በመጠጡ ውስጥ አልፎ ግድግዳውን የማር መልክ ያስይዘዋል። የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ፍሙ ጉልበታችንን እየለበለበን፣ ጀርባችን በብርድ እየተንቀጠቀጠ ዘቢቡን እንጠብቃለን። ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ጠርሙስ ይነቀንቃል። ለዚህ ነበር ተረቱ።

ተረታቸው አንድ ነበር። ቦራ የምትባል አህያ ሎሚ ተሸክማ ከአባይ በረሃ ወደ ሞጣ ትወጣለች። በየመታጠፊያው ጌታዋን «ደረስን?» ትለዋለች። እሱም «አንድ መታጠፊያ ቀረን» ይላታል። በየመታጠፊያው የሚያጋጥማት ግን አይደገምም። አንዴ ቀረጥ ክፈይ የሚል ጅብ፣ አንዴ የሰፈር ወሬ ይዛ የምትዞር ቆቅ፣ አንዴ አያቱ የጀመረውን ቁልቁለት ገና እየጨረሰ ያለ ኤሊ። ቀኑ ሞቅ ያለ እንደሆነ መንገዷ ያጥራል፤ ከቀዘቀዘ ይረዝማል። ዘቢቡ ሲነሣ ግን ቦራ የትም ትሁን የት፣ በዚያው ቅጽበት ሞጣ ትገባለች፣ ሎሚዋን ታራግፋለች፣ አባባ ይማምም ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ ይላሉ።

አንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጅቡ የቦራን ጆሮ እንደነከሰ ዘቢቡ ተነሣ። አባባ ይማም ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ ቦራ ሞጣ ገባች አሉ። ከእኛ በዕድሜ ከፍ የምትለው ዘይነባ አልተዋጠላትም።

«አባባ፣ ጆሮዋስ?»

«ጆሮዋ ቀድሟት ደርሷል። አሁን ማጥለያውን አቀብዪኝ።»

አባቴ የሞተው በአጭር ሕመም ነው፣ ረመዳን ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ድንኳኑ ተነሥቶ ለቀስተኛው ቢሳሳም ቤታችን ገና በጥቁር ነጠላ እንደተሞላ ነበር። እናቴ ከግድግዳው ተጠግታ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲገባ ታለቅሳለች፣ ሰው ሲወጣ ዝም ትላለች። ለእኔ ዝምታው ይብስብኝ ነበር። በዒድ ዋዜማ፣ አባባ ይማም ጾማቸውን ካፈጠሩ በኋላ፣ ማንም ሳይልከኝ ወደ እሳቸው ቤት ሄድኩ።

ልጆቹ ተሰብስበው ነበር። አባባ ይማም አዩኝ። ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝና ቦራን ከሸለቆው ጀምሮ አስነሧት። ተረቱ ውስጥ ገባሁ። ኤሊው መጣ፣ ቆቋ መጣች። መታጠፊያ በታጠፈ ቁጥር ስለ ቤታችን ማሰብ ትቼ ስለ ቦራ ሸክም ማሰብ ጀመርኩ። ከዚያ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር አንድ ዘቢብ ተነሣ። ወዲያው ሌላው ተከተለው። ልጆቹ ሁሉ አይተው ለመነሣት ተዘጋጁ። ለእኔ ግን ተረቱ አለቀ ማለት ወደ ቤት መሄድ ማለት ነበር።

አባባ ይማም አልተነሡም። ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻዬ ሳቡት።

«ቦራ ገና ናት» አሉ።

ዘይነባ በጣቷ ጠቆመች። «አባባ፣ ተነሥቷል እኮ።»

«አይቻለሁ። ዛሬ ቦራ ጭነቷ ከብዷል።»

ተረቱን ቀጠሉ። ከዚያ በፊት ያልሰማናቸው መታጠፊያዎች መጡ። ወላጆች ከየበሩ እየተጣሩ ልጆቹን አንድ በአንድ ወሰዷቸው፤ እኔን የጠራኝ አልነበረም። ዘቢቡ ሁሉ ላይ ወጥቶ አረፋው የጠርሙሱን አፍ እስኪሞላው ድረስ እሳቸው ጠርሙሱን ዞረው አላዩትም። በጋቢያቸው ውስጥ እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቦራ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነበረች።

በነጋታው፣ ከሶላት ሲመለሱ፣ ግቢያቸው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። አዲሱን ቆባቸውን እንዳደረጉ ትልቁን ጠርሙስ ተሸክመው ወጡና መጠጡን ከአጥሩ ሥር ደፉት። ሽታው ተለውጦ ነበር፤ እኔ እንኳ አወቅሁት። ለዒድ እንግዶቻቸው የሎሚ ውሃ በስኳር በጥብጠው አቀረቡ፤ የማይፈላ፣ የማይኮረኩር። ከበዓል በዓል ያን መጠጥ ሲጠብቁ የኖሩ ጓደኞቻቸው አልማሯቸውም። አንዱ ሽማግሌ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩና «ይማም፣ አርጅተሃል። አሁንስ ዘቢብ ጥበቃም አቃተህ» አሏቸው። ቤቱ ሳቀ። አባባ ይማም አብረው ሳቁ።

«አለፈብኝ» አሉ። «ምን ላድርግ፣ እንቅልፍ ጣለኝ።»

እንቅልፍ የጣለው እኔን ነበር። ያኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ስሰማቸው አንድ ሰው ለእኔ ሲል በዓሉን እንደሰጠ ገባኝ። መሥዋዕትነት የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር፤ ነገሩን ግን አወቅሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቴ ቢቸና ወዳሉት ወንድሞቿ ይዛኝ ሄደች። አባባ ይማምን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ማረፋቸውን የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ስለዚህ የዚያን ማታዋ ቦራ ለእኔ አልደረሰችም። ብዙ ዓመት እዚያ መታጠፊያ ላይ እንደቆመች ቀረች።

ቢቸና አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ብየዳ ተማርኩ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ። መቅደስን አገባሁ፣ ሶስናን ወለድን። መቅደስ ባለፈው ጥር ሞተች። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። እናቷ እማማ ጥሩወርቅ ከእኛ ጋር ሊኖሩ መጡ፤ ቤቱን የያዙት እሳቸው ናቸው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሶስና ከጎረቤት ልጆች ጋር የእንቁጣጣሽ የአበባየሆሽ ዘፈን ልምምድ ሄዳ ቶሎ ተመለሰች። ከሥራ መልስ እጄን እስክታጠብ ጠበቀችኝና ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ እናቴ ስለሞተች ነው በራችንን የሚዘሉት?»

ልጆቹ የሚዘፍኑባቸውን ቤቶች ሲቆጥሩ የእኛን አልፈውታል። ትልልቆቹ የሐዘን ቤት ነው ብለዋቸዋል። ክፋት አልነበረበትም፤ ደንቡ ነው። እኔ ግን ስድስት ዓመት ለሆናት ልጅ ደንቡን ማስረዳት አልቻልኩም። ይመጣሉ አልኳት። ሲመጡም የምታጠጫቸውን እኔ እሠራለሁ አልኳት።

እማማ ጥሩወርቅ ሲሰሙ መከዳቸው ላይ ቀና አሉ። «አፈሯ ሳይደርቅ? ዓመቷ ሳይወጣ?»

ድግስ እንዳልሆነ፣ ልጅቷ ሰው በበሯ እንዲገባላት ብቻ እንደፈለገች ነገርኳቸው። እሳቸውም «የሞተችው የእኔ ልጅ ናት» አሉ። የእኔዋ ልጅ ግን በሕይወት አለች ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩትም። ሎሚ ልገዛ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ከሸፈብኝ። ቸኩዬ ውሃው ሳይበርድ እርሾውን ጨመርኩበት፤ ዘቢቡ ሥር እንደተኛ ሁለት ቀን ዋለ። ሁለተኛውን ትቼው ሥራ ሄድኩና አለፈ፤ እማማ ጥሩወርቅ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «ይኼማ ጠጅ ሆኗል» ብለው ወደ መከዳቸው ተመለሱ። ደፋሁት። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሲደርስ ከጠዋቱ ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም። የሎሚውን ልጣጭ ነጩን ሳልነካ ገፈፍኩ፣ ውሃው ለብ እስኪል ጣቴን ከትቼ ጠበቅሁ፣ እርሾውን በሁለት ጣት ቆነጠርኩ። ሶስና ዘቢቡን ጣለችበት።

ሲመሽ መብራት ጠፋ። ከሰል አቀጣጠልኩና ጠርሙሱን ወደ ማንደጃው አስጠጋሁት፣ ሻማውን ከኋላው አቆምኩት። ግድግዳው የማር መልክ ያዘ። እማማ ጥሩወርቅ ከጥጋቸው፣ በጥቁር ነጠላቸው ውስጥ ሆነው፣ ወደ እኛ ሳያዩ ይሰሙ ነበር። ሶስናን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቦራን ከሸለቆው አስነሣኋት።

ከዚያ በፊት ለማንም ተርቼው አላውቅም ነበር። መታጠፊያዎቹ ሁሉ ነበሩ። ጅቡ ቀረጡን ጠየቀ፣ ኤሊው ቁልቁል መጣ። ሶስና በየመታጠፊያው ከቦራ እኩል «ደረስን?» ትላለች። እናቷ ከሞተችበት ቀን ወዲህ ያን ያህል ሞቃ አታውቅም፤ ፀጉሯ ከአገጬ ሥር ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ከዚያ ዘቢቡ ተነሣ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ ቀጠልኩ። ልጄ ጭኔ ላይ እንዳለች ያ ምሽት እንዲያልቅ አልፈለግሁም። አባባ ይማም ለእኔ ያደረጉልኝን ለእሷ እያደረግሁ መሰለኝ።

«አባዬ፣ ተነሥቷል» አለች።

«አይቻለሁ። ዛሬ ቦራ ጭነቷ ከብዷል።»

ሶስና ጠርሙሱን አየች፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

«ከከበዳትማ ትድረስና ታራግፈዋ።»

ከጥጉ እማማ ጥሩወርቅ በረጅሙ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ብዙ ዓመት እዚያ መታጠፊያ ላይ አቁሜያት የኖርኩትን አህያ ይህች ልጅ በአንድ ቃል ነዳቻት።

«ቦራ ሞጣ ገባች» አልኩ። ድምፄ እንደ አባባ ይማም የተረጋጋ አልነበረም። «ሎሚዋን አራገፈች።»

ጉልበቴን ይዤ ብድግ አልኩ። ሶስና ማጥለያውን አቀበለችኝ። ትናንሽ የፕላስቲክ የለስላሳ ጠርሙሶች ውስጥ ሞልተን ክዳናቸውን አጠበቅን፣ ጋዙ ወጥሯቸው ሲጫኗቸው የማይሰረጉዱ እስኪሆኑ ጠብቀን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላበት ገንዳ ውስጥ ነከርናቸው።

ጠዋት የልጆቹ ድምፅ ከታችኛው ቤት ተሰማ። ከዚያ ከጎረቤቱ። ከዚያ እንደተባለው በራችንን ሊያልፉ ሲሉ ተከፍቶ አገኙት። የከፈትኩት እኔ አልነበርኩም። እማማ ጥሩወርቅ በጥቁር ነጠላቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጆቹ ፈርተው ቆሙ።

«ምን ቆማችሁ?» አሏቸው። «ግቡ። ልጅቷ እየጠበቀቻችሁ ነው።»

ሶስና ክዳኑን ስትከፍት ጠርሙሱ ተነፈሰ፤ ልጆቹ ሳቁ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ግን ለእነሱ አልሰጠችም፤ በሁለት እጇ ይዛ ለአያቷ አቀረበች። እማማ ጥሩወርቅ ብርጭቆውን ተቀበሉ። ከዚያ ጠጡ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ኮረኮረኝ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ቀልቶ ነበር።

ያኔ አባባ ይማም መጠጣቸው እንዲያልፍ ለእኔ ሲሉ መተዋቸው ትልቅ ነገር ሆኖ አብሮኝ ኖሯል፤ አሁንም ትልቅ ነው። ለእኔ ያን ማታ የሚያስፈልገኝ መንገዱ ነበር፣ እሳቸው አወቁልኝ። ልጄ የሚያስፈልጋት መድረሱ መሆኑን ግን እኔ ከእሷ ሰማሁ። ጥር ሲመጣ የመቅደስን ዓመት እናወጣለን። የሚመጣው ሰው ከጠላው ሌላ የሎሚውን ይጠጣል፤ እማማ ጥሩወርቅ ዘቢቡን ከአሁኑ ገዝተው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀምጠውታል።