ጉቴ የደበቅናት ነጭ መኪና

የንስሐ አባቴ "የቀረ ነገር አለ ወይ?" ባሉኝ ቁጥር "የለም አባቴ" እያልኩ አርጅቻለሁ። ነበረ። ለእናንተ የምናገረው ፊቴን ስለማታዩት ነው።

ነቀምቴ መካኒክ ነበርኩ። ወላጅ አልነበረኝም፤ ሙያ ያስተማሩኝ፣ ጋራዡን የከፈቱልኝ የቡና ነጋዴው ኦቦ ቶሌራ ናቸው። "ኢልመ ኮ" ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በወለጋ ሁለት ብርቅ የእሽቅድድም መኪኖች ነበሩ፤ የአንድ ባላባት ቀይ የጣሊያን መኪናና የኦቦ ቶሌራ ነጭ የእንግሊዝ መኪና። አብዮቱ ሲመጣ ቀይዋ ተወረሰች። ነጯን እኔና እሳቸው ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ጉቴ ካለው የቡና መጋዘናቸው አስገብተን በጆንያ ክምር ከለልናት። ከእኛና ከባለቤታቸው ከአዴ ጫልቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ቀይዋን የሚነዳት ሹም አንድ ቀን ለጥገና አመጣት። ኮፈኑን ከፍቼ ስሠራ አጠገቤ ቆሞ ይህችን የምታህል በአገሩ እንደሌለች ያወራል። ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዝም ማለት ምን ይከብዳል? እኔን ከበደኝ።

"ጓድ፣ ከዚህች የምትበልጥ አለች" አልኩት።

አልተቆጣም። በምን እንደምትበልጥ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቀይዋ ቀላል ናት፣ ጠመዝማዛ ላይ አትያዝም፤ የነጯ ሞተር ግን ትልቅ ነው፣ ሜዳ ላይ ቀይዋን አቧራ ታለብሳታለች፤ እንደ ሰከረ ሰው እጄን እያወናጨፍኩ አወዳደርኩለት። ከዚያ የት እንዳየኋት ጠየቀኝ።

በጥፊ መታኝ? አልመታኝም። ሽጉጥ አወጣ? አላወጣም። "ጉቴ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በገዛ አፌ።

በማግስቱ ኦቦ ቶሌራን ንብረት ደብቀሃል ብለው አሰሯቸው። ነጯን ነድቼ እንዳመጣ የታዘዝኩትም እኔ ነኝ። የባሰውን ልንገራችሁ? ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስደርስ ነዳጁን ረገጥኩት። ስትወነጨፍ፣ እውነቴን ነበር ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው ታስረው እኔ ደስ አለኝ።

አዴ ጫልቱ ጋራዥ ድረስ መጡ። ሹሙ መኪናውን የሚያሠራው አንተ ጋ ነውና ለምንልን አሉኝ።

"ማን እንደጠቆመብን አላውቅም፤ ከመጋዘን ሠራተኞቹ አንዱ አይቷት ይሆናል። ልጄ፣ ካንተ ሌላ ሰው የለንም።"

እለምናለሁ አልኳቸው። አልለመንኩም። ሹሙን ባገኘሁት ቁጥር ስለ ነጯ ካርቡሬተር ብቻ አወራሁ። ሳይቆይ አዴ ጫልቱ ስንቅ ይዘው ሲሄዱ "ከእንግዲህ አታምጪ" ተባሉ። አስከሬን እንኳ አልተሰጣቸውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ማገዶአቸውን አመጣሁ፣ ጣራቸውን ጠገንኩ። ለሰው ሁሉ "ያልከዳን ይህ ልጅ ብቻ ነው" ይሉ ነበር። ሲያጣጥሩም መረቁኝ። እጃቸውን ይዤ አሜን አልኩ።

ፈርቼ ነው አልልም፤ አልፈራሁም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዳቸው መቃብር የላቸውም። አንዳቸውን ደግሞ ሳልነግራቸው ቀበርኳቸው።