የጉም ቀን ደወል

ትናንት ልምምድ ላይ፣ ተማሪዬ ከነበረው ከናሆም ጋር በሁለት ፒያኖ የምንጫወተውን፣ ስለ ክረምት የደረስኩትን ዜማ ስንደግም፣ የጉሙ ክፍል ጋ ስንደርስ ያለው ረጅም ዝምታ አላስቀምጥ አለው። «መምህር፣ ሰው እኮ ኖታው የጠፋን ይመስለዋል፤ ትንሽ እናሳጥረው» አለኝ። አንዲት ትንፋሽ አትቀነስም አልኩት። በግትርነቴ ሳቀ፤ እኔ ግን ስለዚያ ዝምታ ከማንም ምክር አልቀበልም፤ ጋይንት ውስጥ በልጅነቴ ተምሬዋለሁ።

ቤታችን ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ደጃችን የታሰረችው ላም ትጠፋና ማመንዠኳ ብቻ ይሰማል። ደወላችን ከወይራ ቅርንጫፍ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ፤ የአንዱ ድምፅ ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን። በጉም ቀን ገበያተኛው መንገድ እንዳይስት የሚመታቸው አባቴ ነው፤ በኛ መንደር ይህ ቀላል ሹመት አልነበረም፣ እሱም ቀላል አድርጎት አያውቅም።

አንድ አርብ እሱ ራሱ ጨው ሊገዛ እንደወረደ ጉሙ ቀደመው። የደብሩ የዜማ መምህር የኔታ፣ እኔንና ታላቅ እህቴን አበራሽን እንድንመታ አዘዙን። መጀመሪያ ፈራ ተባ እያልን መታን፤ እየቆየን ግን እሷ በወፍራሙ አንድ ስትል እኔ በቀጭኑ ሦስት እያልኩ፣ እሷ ስትፈጥን እኔም እየፈጠንኩ፣ እጃችን እርስ በርሱ ተግባባና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ። አባቴን ረሳሁት። የኔታ በመቋሚያቸው ተመርኩዘው መጥተው እጃችንን ያዙ።

«ሠርግ አደረጋችሁት እኮ፣ ልጆቼ። የጠፋ ሰው ሲጣራ በምን ትሰሙታላችሁ? አንድ ምቱና ዝም በሉ።»

መታን፣ ዝም አልን። በሦስተኛው ላይ «የት ናችሁ?» የሚል የአባቴ ድምፅ መጣ፤ የመጣው ግን ከመንገዱ ሳይሆን ከገደሉ በኩል ነበር። ፋታ የማይሰጠው ደወላችን ከማዶው ገደል እያስተጋባ፣ የትኛው ደወል የትኛው ማሚቶ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አቅቶት ወደዚያ ሄዷል። የኔታ «እንዳትንቀሳቀስ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ እኛ አንድ እየመታን፣ እሱ እየመለሰ፣ ሦስት እርምጃ እየተራመደ፣ ግማሹ ጨው በቀለጠበት ስልቻው ስር ጎብጦ ከጉሙ ወጣ። የመጀመሪያ ቃሉ «ቀጭኑን ማን ነው የመታው?» ነበር። አበራሽ ጠቆመችብኝ። «እጅ አለሽ» አለኝና ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ዛሬ ደብሩ ድምፅ ማጉያ አለው፣ ገበያተኛውም ስልክ ይዟል፤ ድንጋዮቹን በጉም ቀን የሚመታቸው የለም። በዚህ አላዝንም፣ እንኳን ሰው አልጠፋ። አባቴ ግን ከሞተ አራት ዓመት ሆነው፣ እጅ አለሽ ያለኝን ብዙ ሰው ደግሞልኛል፣ እንደሱ የሆነልኝ የለም። ይህን ዜማ በተጫወትኩ ቁጥር እዚያ ዝምታ ላይ አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ እኔም እጠብቃለሁ፤ «የት ናችሁ?» የሚል ሲጠፋ ጣቶቼን አውርጄ እቀጥላለሁ።