አውራ ጣቴ የሰጠው ፈቃድ

የወጣን ዕለት ማታ፣ በማግስቱ በዶዘር ሊያፈርሱት እንደሆነ እያወቅሁ ቤቴን ጠርጌ ነው የወጣሁት። ሁለት ወር ቀደም ብሎ የቀበሌያችን ሹም አቶ መኮንን አሰልፎን፣ ለዘይት መዝገብ ነው ፈርሙ ብሎን ነበር። እኔ ፊደል ብለይም የእጅ ጽሑፍ አይገባኝም። አውራ ጣቴን ራሱ ይዞ ቀለም ነከረልኝ፣ በትህትና። ወረቀቱ ለካ ቤቴን በፈቃዴ ለልማት ለቅቄያለሁ የሚል ኖሯል። ባለቤቴ ሊከራከር ሄዶ ታሰረ፤ የሰጡኝ አስከሬኑን ነው። ታላቅ እህቴን ጽጌን እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ሰውዬ ሥር ትቼ፣ የዘጠኝ ዓመቷን ልጄን ሕይወትን ይዤ ተሰደድኩ።

ናይሮቢ አራት ዓመት ተቀመጥን። የስደተኛ ጉዳያችንን የያዘችው የካናዳ ኢሚግሬሽን ኦፊሰር በአስተርጓሚ፣ «አስገድደውሽ ነው የፈረምሽው?» አለችኝ። «ኧረ እሱስ ጣቴን በሶፍት ጠርጎልኛል» አልኳት። አስተርጓሚው ሳቀ፤ እሷ ጻፈች።

ቶሮንቶ ገብተን ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ ተከራየን። ብርዱን አልነግራችሁም፤ የኛ ሐምሌ እዚህ በጋ ይባላል። ቲማቲሙ ያምራል እንጂ ሽታ የለውም። አከራያችን ሂተሩን ቆልፎብን፣ በረደን ስለው ጃኬት ልበሱ ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ውሻው እንኳ ጃኬት አለው።

ሕይወት አድጋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የአሜሪካ የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ የሚባል ኮርስ ወሰደች። የጎረቤት አገር ነገር ምን ይሠራልሻል ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን ከምሠራበት ዳቦ ፋብሪካ ስገባ እራት ላይ በአማርኛ ትነግረኛለች። አሜሪካኖቹ አገራቸውን ሲመሠርቱ፣ መንግሥት ሥልጣን የሚያገኘው ከሕዝቡ ፈቃድ ነው ብለው ጻፉ አለችኝ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ግን ባሪያ ነበራቸው። ኋላ በድብቅ ማንበብ የተማሩ ባሪያዎች አምልጠው፣ እኛን መቼ ጠየቃችሁን ብለው ጻፉባቸው። 

ባለፈው ወር ዳንፎርዝ መንገድ ያለ ሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የስብሰባ ማስታወቂያ የመኮንንን ፎቶ አየሁ። ዶክተር ሆኗል። አሜሪካኖች ስለ ሕዝብ ፈቃድ ያሰቡትን እኛን፣ የቶሮንቶ ሐበሾችን፣ ሊያስተምር ነው።  ሕይወት ስትሰማ፣ «እማዬ፣ ፕሊስ አትሂጂ። አክስቴስ?» አለችኝ። የመኮንን ወንድም ልጅ ዛሬም ጽጌ ያለችበት ቀበሌ አለቃ ነው። አውቃለሁ። ሄድኩ።

ንግግሩ ያምራል፣ አልዋሽም። አዳራሹ አጨበጨበለት። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣሁ፤ እሺ እናታችን ብለው ማይክ ሰጡኝ።

«ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የማትችል ሴት ጣቷን ይዘው ቢያስፈርሟት፣ እነዚያ አሜሪካኖች ይሄንን ፈቃድ ይሉታል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። በመርህ ደረጃ አይባልም።»

«ታዲያ የኔን ጣት ለምን ያዙት?»

ስሜን፣ ቀበሌዬን፣ የባለቤቴን ስም ነገርኩት። ሴትዮዋ ሰው ተሳስተዋል አለ። ከዚያ ውሃ ጠየቀ፤ ሊጠጣ ሲል ከረባቱ ላይ ደፋው። እውነቱን ልናገር፣ የሰርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም። ምነው የፈላ በሆነ አልኩ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ፤ ሌላው ተከተላቸው።

በሳምንቱ ጽጌ ደወለች። የሰውዬው ወንድም ልጅ ቤቷ መጥቶ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ እህትሽ ደህና ናት ወይ ብሎ ጠይቋት ሄደ።  

«ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።  ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰው ሁሉ ሰማ?»

«ሰማ።»

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ቀስ ብለሽ።»

ነገርኳት። አፌ ያወራል፤ ጆሮዬ ግን እሷ ጋ የሚያንኳኳ ሰው እንዳለ ያዳምጣል።