የሆዳን ቆስጣ

ትናንት ባለቤቴ ከጅግጅጋ ገበያ አንድ እቅፍ ቆስጣ ይዞ መጣና «እይ እስቲ፣ እንዴት ያምራል!» አለኝ። እኔ ሆዬ ፊቴን አጠቆርኩበት። ምን አጠፋ ሰውዬው? ግን ሰው የለመለመ ቆስጣ ሲያደንቅ ስሰማ ዛሬም ቅናት ያንገበግበኛል።

ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። ዩኒቨርሲቲ ተዘጋና ወደ ቤት ተመለስኩ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጅግጅጋ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል። እናቴ ግን ከተማውን አልለመደችውም፤ «ከጓሮ ቀንጥሶ መብላት ቀረ» እያለች ትተክዛለች። እሷን ላስደስት ብዬ ተነሳሁ። ግቢያችን ሊሾ ስለሆነ መቆፈር አይታሰብም። ስለዚህ በጅቡቲ ድንበር፣ በደወሌ በኩል ዕቃ ከመጣበት ሣጥን ጣውላ ለቅሜ፣ ሚስማር መትቼ፣ ጉልበት የሚደርስ መደብ ሠራሁ። አፈር ሞላሁበት፤ ከከብት ገበያ የከረመ የፍየል በጠጥ አምጥቼ ቀላቀልኩ። እጄ እስኪላጥ!

ግቢውን የምንጋራው ከሆዳን ቤተሰብ ጋር ነበር። ሆዳን እኩያዬ ናት። እናቷ ሀርሺን ገጠር ከግመሎቻቸው ጋር ስለምትኖር አባቷንና ወንድሞቿን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። የእኔን መደብ አየችና «አባዮ፣ እኔም ልሥራ?» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ሥሪ አልኳት። የተረፈኝን ጣውላ ሳይቀር ሰጠኋት፤ አይ ሞኝነት!

እሷ መደቧን የሠራችው ወንዶቹ ውዱ የሚያደርጉበት ቦታ ሥር ነው። ዝናቡ ዘገየ፣ የውሃ ቦቴውም ቀረ፤ በአህያ ጋሪ የሚመጣው ለመጠጥ እንኳ አልበቃ አለ። የእኔ ቆስጣ ጠወለገ። የእሷ ግን፣ ወንዶቹ ለሶላት በቀን አምስቴ በታጠቡ ቁጥር ውሃው እየወረደለት፣ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አከለ። እኛም ለኮሮና ብለን እጃችንን ስንታጠብ እንውላለን፤ ግን የሳሙና ውሃ ለተክል አይሆንም። አባቴን ለመንኩት።

«አባዬ፣ እስቲ ፊትህን እዚህ ታጠብ።»

«አሁን ታጥቤ አልነበር እንዴ?»

«ድገመው!»

እየሳቀ ደገመው። ምን ዋጋ አለው፣ የአንድ ሰው ፊት ስንት ቆስጣ ያጠጣል?

ይባስ ብሎ እናቴ አመሻሽ ላይ በርጩማዋን ይዛ ከሆዳን መደብ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። «እንዲህ ኮትኩቺው፣ ልጄ» ትላታለች። ልጄ! ለማን ብዬ ነው ታዲያ እጄ የተላጠው? ሁለቱ ሲሳሳቁ በመስኮት እያየሁ እንደ እሳት እቃጠል ነበር።

ከወራት በኋላ ሆዳን ተድራ ደወሌ ሄደች። ስትሰናበተኝ «አባዮ፣ መደቡ ያንቺ ነው» አለችኝ። እፎይ አልኩ። ወንድሞቿ ውዱ ያደርጋሉ፣ እኔ እኮተኩታለሁ፣ ቆስጣው ከበፊቱም በለጠ። እናቴ ግን አትወጣም።

«እማዬ፣ ነይ እይው እንጂ!»

ከበሩ ብቅ አለችና «አየሁት፤ ያምራል» ብላ ልትመለስ ስትል አላስቻለኝም።

«ሆዳን እያለች ስታመሺበት አልነበር?»

«ለቆስጣው መሰለሽ እንዴ? እናቷ ርቃባት እኮ ነው፣ ልጄ። ናፈቀችኝ።»

ዛሬ እኔም ልጅ ወልጃለሁ፤ እናቴ ያደረገችው ይገባኛል። ገብቶኝም ቅናቱ አልለቀቀኝም። ሆዳን አሁንም ከደወሌ ትደውልላታለች፤ «እማዬ» ነው የምትላት። እናቴ ስልኩን ዘግታ ስትዞር ፊቷ በርቶ ይቆያል። እኔስ እንዲህ ያበራሁት ቀን ይኖር ይሆን? ልጠይቃት እልና እፈራለሁ።