እሜቴ ያዩት ተራራ

ጠብታዋ ዓይኔ ውስጥ ስትገባ ቀዝቃዛ ናት። የበረዶ ቅዝቃዜ አይደለም፤ ጥላ ሥር የዋለ ድንጋይ ሲነኩት ያለው ዓይነት ነው። ጠብ የምታደርግልኝ የልጅ ልጄ ናት። አገጬን በሁለት ጣቷ ትይዝና «ቀና በዪ እማማ፣ ሉክ አፕ» ትለኛለች፤ እኔም ኮርኒሱን አያለሁ። ዶክተሩ የዓይንሽ ግፊት ከፍ ብሏል ካለኝ ወዲህ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሴት ልጄ ቤት ስሆን ጠዋትና ማታ እንዲህ ነን።

ሰሞኑን ታዲያ ጠብታዋን ያደረገችልኝ ኮቷን እንደለበሰች ነበር። ሻንጣዋ በሩ ጋ ቆሟል። ከሥራ ኦፍ ወስዳ፣ ከጓደኞቿ ጋር ስዊዘርላንድን ልታይ መሄዷ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ስልኳን እያቀረበችልኝ ሁሉንም አሳይታኛለች፤ ሐይቅ ላይ የሚሄደውን ጀልባ፣ ቸኮሌት የሚሠራበትን ቤት፣ አይብ አቅልጠው ዳቦ እየነከሩ የሚበሉበትን። «አንዱን ቀን ደግሞ በርን እንሄዳለን» አለችኝ አገጬን እንደያዘች። በርን የሚለው ስምና ያች ቀዝቃዛ ጠብታ አንድ ላይ ገቡብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የረጠበ ድንጋይ ሸተተኝ።

ትስቁ ይሆናል፤ እኔ በርንን አውቃታለሁ። ካርታ አንብቤ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ከትንንሽ ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው። በርንን ያወቅኋት በእግሬና በአፌ ነው። በአፌ ያልኩበትን ስነግራችሁ ይገባችኋል።

ያን ጊዜ ገና ወጣት ነኝ። እሜቴ የምላቸው ትልቅ ሴት ቤት እንደ ልጅም እንደ ሠራተኛም ሆኜ አድጌያለሁ። እሜቴ አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀስ በቀስ እየሄደ ነበር። ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው አያዩትም፤ ግን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ከላይ በኩል በዓይናቸው ጠርዝ ሲያዩ ትንሽ ትንሽ ያገኛሉ። ልጃቸው፣ ጋሼ የምላቸው፣ ጄኔቭ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠሩ ነበርና በርን ካለ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዙላቸው። ብቻቸውን አይሄዱምና እኔን አስከተሉ።

ሐኪሙ አልደበቀም። ቀዶ ጥገናው ዓይኑን ሊያተርፈውም ሊያጠፋውም ይችላል አለ። ጋሼ ያንን ሲተረጉሙ ቃሉ አልወጣላቸው ብሎ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመሩ። እሜቴ ግን የጠየቁት ሌላ ነው፤ «ዓይኔን እስኪሸፍኑት ድረስ ስንት ቀን አለኝ?»

ሁለት ቀን ተባሉ።

«ይበቃል» አሉ።

ምን እንደፈለጉ እኔ አውቅ ነበር። አገር ቤት ሳሎናቸው ውስጥ ጋሼ የላኩት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ዘመኑ ካለፈ ብዙ ጊዜው ነው፤ ግን ማንም እንዲያወርደው አይፈቅዱም ነበር፤ ሥዕሉ ነጭ ተራራ ነዋ። ዓይናቸው ደህና ሳለ በየጠዋቱ ከወንበራቸው ሆነው ያዩታል። ዓይናቸው ሲደክም ወንበሩን አስጠጉ፤ ደግሞ አስጠጉ፤ በመጨረሻ አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። እንግዲህ ከመሸፈኑ በፊት ያን ተራራ በአካል ማየት ፈለጉ። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ጋሼ ሥራቸው ወደ ጄኔቭ ሊመልሳቸው ሆነ። ለቀዶ ጥገናው ዋዜማ እመጣለሁ ብለው፣ እኔን ሆቴሉ በር ላይ አቁመው አስጠኑኝ። ጉልላት ካለው ትልቁ የመንግሥት ቤት ጀርባ ሰገነት አለ፤ ሰማይ ከጠራ ተራራው ከዚያ ይታያል። ለቀረው ግን ቅስት ቅስቱን ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ቀጥ ብላችሁ ተመለሱ አሉኝ።

ቅስት ያሉት፣ የዚያ ከተማ ቤቶች ሥራቸው ክፍት ነው፤ መንገደኛው የሚሄደው በቤቶቹ ሆድ ሥር ነው፤ ዝናብ ቢዘንብም አይነካው። እሜቴ ክንዴን ይዘው ስንሄድ የጫማችን ድምፅ ከጣሪያው እየተመለሰ ሌላ ሰው የሚከተለን ይመስል ነበር። አሁንም አሁንም «ንገሪኝ» ይሉኛል። እኔም የማየውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ዳቦ ቤት ነው፤ ዳቦው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። ሰዓት ቤት ነው፤ ሰዓቶቹ በሙሉ እኩል ይላሉ። ሽማግሌ ነው፤ ውሻውን ኮት አልብሶታል። «ውሻውን?» ይላሉ፤ «ደጋግመሽ እይ፣ ሕፃን እንዳይሆን።»

ትልቅ ሰዓት ያለው ግንብ ሥር ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ሽቅብ ያያል። እኛም ቆምን። የብረት ዶሮ ክንፉን አራግቦ ጮኸ፤ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ዞሩ፤ ደወሉ ተመታ። እሜቴ ደነገጡ። ዶሮ በእኩለ ቀን የሚጮኽበት አገር ምን ዓይነት ሰው ነው የሚነሣበት ብለው ሲስቁ፣ አጠገባችን የቆሙት ፈረንጆችም ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

ከዚያ ነው ውሃዋን ያየኋት። መንገዱ መሐል የድንጋይ ገንዳ፣ ከገንዳው መሐል ቀለም የተቀባ ዓምድ፣ ዓምዱ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። በአንድ እጇ ሰይፍ፣ በሌላው ሚዛን ይዛለች። ሰይፍና ሚዛን የሚይዝ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ላይ የትኛው መልአክ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህች ግን ሴት ናት፤ ዓይኗ ደግሞ በጨርቅ ታስሯል። ከእግሯ ሥር ውሃ ይወርዳል።

«እሜቴ፣ ጠበል አለ» አልኳቸው።

«እዚህ አገር?»

«ሰማዕት ናት። ዓይኗን አስረዋታል።»

እጃቸውን ዘርግተው የውሃውን ድምፅ ፈለጉት። ሊነኩት ሲሉ መልሰው ሰበሰቡት። ቁርስ በልተናል፤ በልቶ ጠበል የለም። ነገ በባዶ ሆድ እንመለሳለን ተባባልን።

የዚያን ዕለት ሰገነቱ ላይ ብዙ ተቀመጥን። ከታች ወንዙ ይሄዳል፤ ቀለሙ የርግብ አንገት ነው፣ አረንጓዴ ስትሉት ሰማያዊ ይሆናል። ከወንዙ ማዶ ዛፍና ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ደመና። «አለ?» ይሉኛል። «ገና ነው እሜቴ።» «አሁንስ?» «ደመና ነው።» ሲመሽ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ንገሪኝ አላሉኝም።

በማግስቱ ሆቴሏ ውስጥ ቁርስ የምታቀርበው ሴት እንቁላሉን ብትለምነን፣ ማሩን ብታሳየን እንቢ አልን። ታመው ነው ብላ ሳትጨነቅ አልቀረችም። ውሃዋ ዘንድ ስንደርስ ገና ማለዳ ነው፤ ድንጋዩ ጤዛ ለብሷል። እሜቴ ጫማቸውን አወለቁ። እኔም አወለቅኩ። የዚያ አገር ድንጋይ በማለዳ እግር ይቆርጣል። አበባ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ባልዲዎቿን ስትደረድር አየችን፤ ቀረብ አለችና ምንም ሳትጠይቅ የእሜቴን ጫማ ከመሬት አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ እንዳይረጥብ መሆኑ ነው። በስመ አብ ብዬ በእፍኜ ቀዳሁና ዓይናቸው ላይ አፈሰስኩ። ውሃው በአገጫቸው ወርዶ በደረታቸው ገባ። እየተንቀጠቀጡ ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። የረጠበው ድንጋይ፣ የአበባው ቅጠል፣ የእሜቴ የታጠነ ነጠላ፣ ሦስቱም በአንድ ላይ ሸተቱኝ። እስካሁን ሦስቱን መለየት አልችልም።

ከዚያ ልባቸው ቀለል አላቸው መሰለኝ፣ ቀጥ ብላችሁ ተመለሱ የተባልነውን ትተን ድልድዩን ተሻገርን። ማዶ ድብ የሚኖርበት ጉድጓድ አለ። ድብ አይቼ አላውቅም። «ምን ይመስላል?» ሲሉኝ ካባ ለብሶ የወፈረ ጅብ ነው አልኳቸው። የድልድዩን ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይሄን ሳቅ ነው አንዳንዴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ራቅ ብሎ አሌክሳንድሪያ በሚኖረው ወንድ ልጄ ቤት ሰገነት ላይ ብቻዬን ስቀመጥ የምሰማው።

ከሰዓት በኋላ ሰገነቱ ላይ ነበርን። ያው አግዳሚ፣ ያው ደመና። የመጨረሻችን መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማታ ጋሼ ይመጣሉ፤ ጠዋት ሐኪም ቤት ነው። እኔ ከዛፎቹ በላይ ባለው ጭጋግ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ ግለጠው፣ አንድ ጊዜ ግለጠው እያልኩ እለምናለሁ። እሜቴ ራሳቸውን እንደ ልማዳቸው ዘንበል አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«ያውና» አሉ።

ጣታቸውን አየሁ። ወደ ሰማይ ነው የሚያመለክቱት። ሽቅብ፣ ደመናው ውስጥ። ምኞታቸው ነው ያሳያቸው ብዬ አሰብኩ። አዎ ብል መዋሸቴ ነው፤ የለም ብል ከእጃቸው መቀማቴ ነው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩ።

«ጫፉ ሮዝ ነው» አሉ፤ «ሥዕሉ ላይ ሮዝ አልነበረውም።»

ንፋስ መጣ። ከታች ያለው ጭጋግ መሄድ ጀመረ፤ ሁሉም ደመና ወደ ግራ ሄደ። እሜቴ ጣታቸውን አላወረዱም። ያን ጊዜ ነው ከጣታቸው ጫፍ በላይ ያለው ነጭ አለመንቀሳቀሱን ያየሁት። ደመናው ሁሉ ሲያልፍ እሱ ቆሟል። ጠርዝ አለው፤ ጥላ አለው፤ ጫፉ ሮዝ ነው።

አያችሁ፣ እኔ የገደል አፋፍ አገር ሰው ነኝ። እኛ ከአፋፉ ቆመን ሌላውን ሁሉ ቁልቁል ነው የምናየው። ተራራ ሰማይ ውስጥ ይፈለጋል ብዬ በምን ላስብ? ሁለት ቀን ሙሉ ዝቅ አድርጌ ስፈልገው፣ እሱ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ኖሯል።

«አሁን አየሽ?» አሉኝ።

«አየሁ እሜቴ።»

ብዙ ቆዩና ጣታቸውን አወረዱ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው «እንግዲህ ይሸፍኑት» አሉ።

ማታ ጋሼ መጡ። ውሃዋን ስነግራቸው እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ቅድስት አይደለችም እማዬ አሏቸው፤ የፍትሕ ምስል ናት፣ ለማንም እንዳታደላ ነው ዓይኗን ያሰሯት። እኔ አፍሬ መግቢያ አጣሁ። እሜቴ ግን፣ «ዳኛ ናት በለኛ» አሉ። «ታዲያ ምን ያስቅሃል? ሰው ስንት ወር ደጅ ይጠናል፤ እኔ አቤቱታዬን በሁለት ቀን አሰማሁ።»

ፍርዱ አልቀናንም። ሽፋኑ ሲነሣ መጋረጃ ጀርባ እንዳለ መብራት ያለ ነገር ብቻ አዩ፤ ቆይቶ እሱም ሄደ። አገር ቤት ስንመለስ ወንበራቸውን ከግድግዳው አራቅኩት፤ ማስጠጋቱ አስፈላጊ አልነበረም። ቀን መቁጠሪያውን ላውርደው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ተይው፣ እንግዳ ሲመጣ ምስክር ይሆነኛል አሉኝ። ያንን ዓመት፣ የሚቀጥለውንም፣ ከምሳ በኋላ «ንገሪኝ» ይላሉ፤ እኔም እጀምራለሁ፤ ሹሩባ ዳቦውን፣ ኮት የለበሰውን ውሻ፣ ጫማቸውን ደረቷ ላይ ያቀፈችውን አሮጊት። አንድ ነገር ከዘለልኩ ያርሙኛል። ተራራው ጋ ስደርስ ግን ዝም በይ ይሉኝና እሱን ራሳቸው ይነግሩኛል። በደከሙ ጊዜ ሰው ሊያጽናናቸው ስለ ዓይናቸው ቢያነሣ፣ ይግባኙን ላይ ቤት ነው የምጠይቀው ይሉ ነበር። ለይግባኙም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

ቅዳሜ ወንድ ልጄ ወደ አሌክሳንድሪያ ሊወስደኝ መጣ። ትልቁን ድልድይ ስንሻገር፣ ወንዙ ከሥራችን ጠፍጣፋና ግራጫ ሆኖ፣ የልጅ ልጄ በቪዲዮ ኮል አደረገችኝ። በርን ናት። ስትሄድ አደራ ያልኳት ሰገነት ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ንፋሱ ይሰማል።

«እማማ፣ አይ ካንት ሲ ኢት» አለችኝ። «ክላውድ ብቻ ነው። ሶሪ።»

ስልኩን አዙራ አሳየችኝ። ዛፍ፣ ቤት፣ ጭጋግ። አግዳሚዎቹ ግን እዚያው ናቸው።

«ቀና አድርጊው» አልኳት።

«ዋት?»

«ስልኩን አይደለም፤ ራስሽን። ጠብታ ስታደርጊልኝ እንደምትዪኝ። ከደመናው በላይ እዪ።»

ልጄ መኪናውን እየነዳ ፈገግ ሲል አየሁት። ከዚያኛው ጫፍ ንፋሱ ብቻ ይሰማል። ስልኩ በእጇ ዘንበል ብሎ ቀረ፤ እኔ ዘንድ የመጣው ነጭ ብቻ ነው፤ ይሄ ዓይኔ ደመና ይሁን ተራራ አልለይ አለኝ።

«ኦ» አለች ቀስ ብላ። «ኦ፣ እማማ።»

«ንገሪኝ» አልኳት።

ይህች ልጅ በአማርኛ ስናገራት እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነው የምትመልስልኝ። አሁን ግን በጠራ አማርኛ «ከየት ልጀምር?» አለችኝ።

«ከጫፉ» አልኳት።